ፍላጂል ከመዋጥ በፊት፦ ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ባክቴሪያና የእኛ ሴቶች

ካልጋሪ፣ ካናዳ

እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ከጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ ጥናት የብዙ ሴቶችን ቀልብ ስቧል። ተመራማሪዎቹ ኢንዶሜትሪዮሲስ ካለባቸው ሴቶች መካከል በ64 በመቶዎቹ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ላይ ፉሶባክቴሪየም የተባለ ባክቴሪያ አገኙ። ሕመሙ በሌለባቸው ሴቶች ላይ ግን መጠኑ ከ10 በመቶ በታች ነበር። ቀጥለውም ባክቴሪያውን ወደ አይጦች አስገብተው ሕመሙ ሲባባስ ተመለከቱ፤ ሜትሮኒዳዞልና ክሎራምፌኒኮል በተባሉ አንቲባዮቲኮች ሲያክሟቸው ደግሞ ቁስሎቹ ቀነሱ።

ሜትሮኒዳዞልን እኛ የምናውቀው በሌላ ስሙ ነው፤ ፍላጂል። አሜባ ሲባል ፍላጂል፣ ጃርዲያ ሲባል ፍላጂል፣ ሆድ በተገላበጠ ቁጥር ፍላጂል። ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ለጎን የሚቀመጥ፣ ለጎረቤትም የሚታደል መድኃኒት ነው። ስለዚህ «የማህፀን ሕመም መንስኤው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ አንቲባዮቲክ አይጦችን ረድቷል» የሚለው ዜና በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የሚወድቀው ባዶ መሬት ላይ አይደለም። ክኒኑ መሳቢያ ውስጥ አለ።

«ታዲያ እኔስ ብወስደው ይሻለኛል?» ለሚለው ጥያቄ አጭሩ መልስ «በሰው ላይ አልተረጋገጠም፤ በራስሽ አትሞክሪው» የሚል ነው። አጭሩ መልስ ግን ለእኛ አይበቃም። የባክቴሪያው ግኝት ቀልድ ስላልሆነ አይበቃም፤ ጥቁር ሴቶች ሕመማቸውን ሲናገሩ «ኢንፌክሽን ነው» እየተባሉ የተመለሱበት የቆየ ታሪክ ስላለም አይበቃም። አዲሱ ሳይንስ ያንን አሮጌ ስሕተት በአዲስ ልብስ ይዞት እንዳይመጣ እሰጋለሁ።

ከሕመሙ እንነሣ። ኢንዶሜትሪዮሲስ ማለት የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ ከሚሸፍነው ሕብረ ሕዋስ ጋር የሚመሳሰል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጪ ሲበቅል ነው፤ በኦቫሪዎች ላይ፣ በማህፀን ቱቦዎች፣ በሆድ ዕቃ ሽፋን፣ አንዳንዴም በአንጀትና በሽንት ፊኛ ላይ። ይህ ሕብረ ሕዋስ ኢስትሮጅን ለተባለው ሆርሞን ምላሽ ይሰጣል፤ አካባቢውን ያስቆጣል፣ ጠባሳ ይሠራል፣ አካላትን እርስ በርስ ያጣብቃል። ሴቲቱ የምታውቀው በሕመሙ ነው። በወር አበባ ጊዜ የሚያስጎነብስ ቁርጠት፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ ስትሸናና ስትጸዳዳ ሕመም፣ ዕረፍት የማያስወግደው ድካም፤ ለአንዳንዶችም ልጅ ለመውለድ መቸገር። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉን፣ ማለትም 190 ሚሊዮን የሚሆኑትን እንደሚያጠቃ ይገልጻል። ፈጽሞ የሚያድን ሕክምና የለም። ያለው የሕመም ማስታገሻ፣ የሆርሞን መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ከሁሉ የቀደመ አንድ «ሕክምና» አለ፤ «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚል። ለብዙ ሴቶች አልተዋቸውም። ለአንዳንዶቹም መውለዱ ራሱ በዚሁ ሕመም ምክንያት ዘገየ።

መንስኤውን በተመለከተ እስከ ዛሬ ጎልቶ የቆየው ማብራሪያ ጆን ሳምፕሰን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በ1920ዎቹ ያቀረቡት ነው። በወር አበባ ጊዜ ደሙ ወደ ውጪ ብቻ አይፈስም፤ ከፊሉ በማህፀን ቱቦዎች በኩል ወደ ኋላ፣ ወደ ሆድ ዕቃ ይመለሳል፤ አብረውት የሄዱት ሕዋሳትም እዚያ ይተከላሉ። ማብራሪያው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው። በ1980ዎቹ በተደረገ ምርመራ ቱቦዎቻቸው ክፍት ከሆኑ ሴቶች በ90 በመቶ ያህሉ በወር አበባ ጊዜ ደም ወደ ሆድ ዕቃ እንደሚመለስ ታየ። ደሙ በሁሉም ዘንድ ማለት ይቻላል ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ለምን ከአሥሯ አንዷ ብቻ ትታመማለች? ሕዋሳቱ በአንዷ ሆድ ዕቃ ሲጠረጉ በሌላዋ ለምን ሥር ይሰዳሉ? ባክቴሪያዎቹ ወደ ታሪኩ የሚገቡት በዚህ ቀዳዳ በኩል ነው።

በ1892 ጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ዶደርላይን በጤነኛ ሴቶች ብልት ውስጥ የሚኖሩ ዘንግ መሰል ባክቴሪያዎችን ገለጹ። ዛሬ ላክቶባሲለስ እንላቸዋለን። ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ ፍጥረቶች አይደሉም፤ ወተትን የሚያረጉት፣ የእንጀራን ሊጥ ከሚያቦኩት ውስጥም የሚገኙት የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ላክቲክ አሲድ ያመነጫሉ፤ አካባቢውን ጎምዛዛ ያደርጉታል፤ በዚያ ጎምዛዛ አካባቢ ብዙ በሽታ አምጪዎች መራባት ይቸግራቸዋል። የታችኛው ክፍል እንዲህ ባለ ዘበኛ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ማህፀኑ ራሱ ግን ፍጹም ንጹሕ፣ ምንም ሕይወት የሌለበት ክፍል እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ቆይቷል።

ያን እምነት ካናወጡት ሥራዎች አንዱ በ2017 ከቻይና ሸንዘን የወጣው ነው። 110 ሴቶችን የመረመሩት ሳይንቲስቶች ከብልት እስከ ማህፀን በር፣ ከማህፀን እስከ ቱቦዎችና ሆድ ዕቃ ድረስ ናሙና ወስደው፣ የባክቴሪያዎቹ ዓይነት ደረጃ በደረጃ እየተለወጠ የሚሄድ ተያያዥ ሰንሰለት እንዳለ ዘገቡ። ከታች ላክቶባሲለስ ይገዛል፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እርሱ እየቀነሰ ሌሎች ይታያሉ። ብዛቱ ግን እጅግ ያንሳል፤ በማህፀን ውስጥ ያለው የባክቴሪያ መጠን በብልት ካለው አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ናጎያዎች የጨመሩት ነገር የአሠራሩን መንገድ ነው። ፉሶባክቴሪየም ባዕድ አካል አይደለም፤ አፍ ውስጥ የሚኖር፣ ከድድ በሽታ ጋር የሚታወቅ፣ ከትልቁ አንጀት ካንሰር ጋር ያለው ግንኙነትም ለዓመታት የተጠና ባክቴሪያ ነው። እንደ ጥናቱ ትረካ ባክቴሪያው ማህፀን ውስጥ ሲገኝ ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ይቆጣሉ፤ እነርሱም አንድ የዕድገት ምልክት ይለቃሉ፤ ይህ ምልክት ዝም ብለው የተቀመጡትን ደጋፊ ሕዋሳት ይቀሰቅሳቸዋል። የተቀሰቀሱት ሕዋሳት ይባዛሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ፣ መያዣ ያገኙበትም ይጣበቃሉ። ወደ ኋላ የሚፈሰው ደም ሁሉም ሴት ጋ ካለ፣ ልዩነቱ ደሙ ይዞት የሚሄደው ሕዋስ «የነቃ» ወይም «የተኛ» መሆኑ ላይ ነው ማለት ነው። የሳምፕሰንን ቀዳዳ የሚደፍን አሳብ ነው፤ ለዚህም ነው ብዙዎችን ያስደነቀው።

ብቸኛም አይደሉም። በጃፓን የካን ቡድን ከዚያ ቀደም ብሎ የወር አበባ ደም በኢ. ኮላይ ሊበከልና ብግነቱን ሊያባብስ እንደሚችል ሲከራከር ቆይቷል። በ2019 ከአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የወጣ የአይጦች ሙከራ ደግሞ ይበልጥ የሚገርም ውጤት ነበረው። ሜትሮኒዳዞል የተሰጣቸው አይጦች ቁስል ቀነሰ፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ ካለባቸው አይጦች የተወሰደ ዓይነ ምድር ሲሰጣቸው ቁስሉ ተመልሶ አደገ። እዚህ ላይ ተከሳሹ የማህፀን ሳይሆን የአንጀት ባክቴሪያ ነው። የአንጀት ባክቴሪያዎች ጉበት ለማስወገድ ያሰረውን ኢስትሮጅን ፈትተው ወደ ሰውነት ሊመልሱት ስለሚችሉ ግምቱ መሠረት አለው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ያማረ ነው። በምህንድስና የተማረ ሰው ግን ያማረ ታሪክ ሲሰማ መለኪያውን መጠየቅ ይለምድበታል።

ያን አሥር ሺህ ጊዜ ያነሰ የባክቴሪያ መጠን እናስታውስ። ሬዲዮ ጣቢያው ሩቅ ሲሆን የምንሰማው ድምፅ ከዘፈኑ ይልቅ ሹክሹክታ ነው። በማህፀን ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ዲኤንኤ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ናሙናው ሲወሰድ በብልት በኩል ያለፈው መሣሪያ ይዞት የሚገባው፣ የላቦራቶሪው ፈሳሽና ዕቃ ውስጥ ያለው ባዕድ ዲኤንኤ ሁሉ ከእውነተኛው ሊበልጥ ይችላል። ይህ ስጋት ብቻ አይደለም፤ በሌላ አካል ላይ ደርሷል። በ2014 የእንግዴ ልጅ የራሱ ማይክሮባዮም አለው የተባለበት ጥናት ታትሞ ዓለምን አነጋገረ። በ2019 ኔቸር መጽሔት ላይ ከ500 በላይ የሆኑ እናቶችን የእንግዴ ልጅ ናሙና በጥብቅ ቁጥጥር የመረመረ የብሪታንያ ቡድን፣ ከተገኘው ዲኤንኤ አብዛኛው ከላቦራቶሪ ዕቃና ከወሊድ ሂደት የመጣ ብክለት እንደሆነ፣ እንግዴ ልጅም የራሱ የሆነ የባክቴሪያ ማኅበር እንደሌለው አሳየ። ማህፀንም እንዲሁ ነው ማለቴ አይደለም። ማንኛውም የማህፀን ማይክሮባዮም ጥናት ባዶ ናሙናዎችን አብሮ መርምሮ ካላሳየ ግን ውጤቱን በወንፊት ማበጠር ይገባል።

አይጧም ሴት አይደለችም። የላቦራቶሪ አይጥ የወር አበባ አታይም። ኢንዶሜትሪዮሲስ በራሱ የሚከሠተው በሴቶችና እንደ ዝንጀሮ ባሉ ጥቂት እንስሳት ነው፤ በአይጥ ላይ ግን ተመራማሪው የማህፀን ቁራጭ ሆድ ዕቃዋ ውስጥ በመትከል ይፈጥረዋል። ስለዚህ የአይጥ ሙከራ «ቁስሉ ከተተከለ በኋላ ባክቴሪያ ያሳድገዋል ወይ?» ለሚለው ይመልስ ይሆናል፤ «በሴቲቱ ላይ ሕመሙን የጀመረው ማን ነው?» ለሚለው ግን አይመልስም። ምናልባትም ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። ለዓመታት የቆየ ብግነት፣ የተለወጠ ሆርሞን፣ ደጋግሞ የተወሰደ መድኃኒት የማህፀኑን አየር ለውጦ ለፉሶባክቴሪየም ደጁን ከፍቶለት ሊሆን ይችላል። ሌባው ቤቱን ሰበረ ወይስ የተሰበረ ቤት አግኝቶ ገባ?

ይህ ጥያቄ ነው ካልጋሪን ከነገሩ ጋር የሚያገናኘው። በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ከፉትሂልስ ሆስፒታል አጠገብ ዓለም አቀፍ የማይክሮባዮም ማዕከል ይገኛል፤ በ2017 ሲከፈት የምዕራብ ካናዳ ማይክሮባዮም ማዕከል ይባል ነበር። የማዕከሉ ዋና ሀብት ምንም ዓይነት ባክቴሪያ የሌለባቸው አይጦች ናቸው። እነዚህ አይጦች በታሸጉ የፕላስቲክ ክፍሎች ውስጥ ይወለዳሉ፣ ያድጋሉ፣ ይሞታሉ። የሚተነፍሱት አየር የተጣራ፣ የሚበሉት ምግብ የተቀቀለ፣ የሚነካቸው እጅም በግድግዳው ላይ በተሰፋ ረጅም ጓንት ውስጥ ያለፈ ነው። ማዕከሉን ለመምራት ከስዊዘርላንድ በርን የመጡት ካቲ ማኮይ የዚህ ሙያ አዋቂ ናቸው። የዚህ ሁሉ ጣጣ ጥቅሙ አንድ ነው፤ ባዶ ወረቀት ማግኘት። ባዶ በሆነች አይጥ ላይ አንድ ባክቴሪያ ብቻ ጨምሮ የሚለወጠውን ማየት ይቻላል። «አብረው ተገኙ» ከሚለው ወደ «ይህ ያንን አመጣ» ወደሚለው ለመሻገር ከሚያስፈልጉት ድልድዮች አንዱ ይህ ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ላውራ ሳይኩሮ የብልት ማይክሮባዮምን ካለጊዜው ከሚከሠት ወሊድ ጋር በማያያዝ ያጠናሉ። ይህች ከተማ ጥያቄውን በቁም ነገር ለመጠየቅ የሚያስችል ዕውቀትም መሣሪያም አላት ማለት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሴቶችም ያሏት ከተማ ናት። ሁለቱ አንድ ከተማ ውስጥ መሆናቸው ብቻውን ግን እኛን የጥናቱ አካል አያደርገንም።

ለምን አካል መሆን እንዳለብን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የቦስተኑ የማህፀን ሐኪም ጆ ሜግስ ኢንዶሜትሪዮሲስ ጋብቻንና ወሊድን የሚያዘገዩ የባለ ጸጎች ሴቶች ሕመም ነው ብለው ጻፉ። ከዚያ «የሠራተኛ ሴት በሽታ» የሚል ስም ወጣለት፤ «ነጭ፣ የተማረች፣ ሀብታም» የሚል ምስልም ተሳለለት። ጥቁር ሴት በዳሌዋ አካባቢ ታምማ ስትመጣ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚያስበው የማህፀንና የቱቦዎች ኢንፌክሽንን ሆነ። ቃሉ ስለ በሽታው ብቻ አይናገርም፤ ስለ ሴቲቱ ጠባይም ሹክ ይላል። በ1976 በቺካጎ የሚሠሩ ዶናልድ ቻትማን የተባሉ ሐኪም ላፓሮስኮፒ ባደረጉላቸው ጥቁር ሴቶች ላይ ያዩትን አሳተሙ። ከ20 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኢንዶሜትሪዮሲስ ነበረባቸው፤ ከእነዚህም 40 በመቶ ያህሉ ቀደም ሲል «ኢንፌክሽን ነው» ተብለው ነበር። ያልነበረባቸውን በሽታ ታክመዋል፤ ያለባቸው ሳይታይ ቀርቷል።

እንግዲህ ሳይንስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ «ለካ ባክቴሪያም እጁ አለበት» እያለ ሲመጣ፣ ይህን ታሪክ የማያውቅ ሐኪም የሚሰማው ቀድሞ ያመነበትን ነው። አሥር ደቂቃ ብቻ ያለው፣ የላፓሮስኮፒ ወረፋው የረዘመበት፣ አስተርጓሚ በስልክ ያገናኘው ሐኪም «አንቲባዮቲክ እንሞክር» ቢል ማን ይፈርድበታል? ሙከራው ሳይሠራ ሲቀር የሚጠፋው ግን የእርሷ ዓመት ነው። 30 ሺህ ሴቶችን ጠይቆ በ2020 የታተመ የካናዳ ጥናት ኢንዶሜትሪዮሲስ ካለባቸው ሴቶች ምርመራውን እስኪያገኙ በአማካይ 5.4 ዓመት እንደሚወስድ አሳይቷል። ይህ የካናዳ አጠቃላይ አማካይ ነው። ቋንቋ የሚያግዳት ሴት ከአማካዩ በየትኛው ወገን እንደምትቆም መገመት አያዳግትም።

ስለ ቋንቋ ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛ «ሆዴን አመመኝ» የምትል ሴት ጨጓራዋን፣ አንጀቷን፣ ማህፀኗን ወይም ኦቫሪዋን ማለቷ ሊሆን ይችላል። ሆድ ለእኛ ሰፊ አገር ነው፤ ኀዘንም ምሥጢርም ይኖርበታል። አስተርጓሚው «ስቶማክ» ብሎ ሲያሻግረው ግን አገሩ ይጠብና ጨጓራ ብቻ ይሆናል። ሐኪሙም የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ያዛል። «ከእምብርቴ በታች፣ የወር አበባዬ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚጀምር፣ ወገቤን ይዞ ወደ ጭኔ የሚወርድ» የሚለውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር በኅፍረት ያልተናገረችው ሴት፣ በአንድ ቃል ትርጉም ምክንያት ወደ ሌላ ክፍል ትላካለች። ከአባት ወይም ከወንድ ልጅ ጋር ሐኪም ቤት የሄደች ወጣት ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን ልትጀምረው እንኳ አትችልም። በአልበርታ ሆስፒታሎች የሙያ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ የቤተሰብ አባል ከሚያስተረጉም ይህ ይሻላል።

ከዚህ ይልቅ የረቀቀውና ብዙ የማይወራለት አደጋ «ጤነኛ» የሚለው መለኪያ ራሱ ነው። በ2011 በዣክ ራቬል የሚመራ ቡድን በባልቲሞርና በአትላንታ 396 ጤነኛ ሴቶችን መርምሮ የብልት ማይክሮባዮምን በአምስት ዋና ዋና ዓይነቶች ከፈለ። አራቱ ዓይነቶች በላክቶባሲለስ የሚገዙ ናቸው፤ አምስተኛው የተለያዩ ባክቴሪያዎች ድብልቅ ነው። በላክቶባሲለስ የሚገዛው ማኅበር በነጭ ሴቶች 89.7 በመቶ፣ በጥቁር ሴቶች 61.9 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ልብ እንበል፤ ሁሉም ጤነኞች ናቸው፤ ምንም ምልክት የለባቸውም። ይህ ማለት ላክቶባሲለስ ያነሰበትን ሁሉ «የተዛባ» ብሎ የሚጀምር ጥናት፣ ከመነሻው ከአሥር ጤነኛ ጥቁር ሴቶች አራቱን ያህል ከሕመምተኛ ጎራ ሊያስቀምጣቸው ይችላል ማለት ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስን በብልት ናሙና ለማወቅ የሚደረገው ጥረት እንዲህ ባለ መለኪያ ከተሠራ ምርመራው ለአንዷ ቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ለሌላዋ በከንቱ ይጮኻል።

ደግሞም «ጥቁር» የሚለው ሣጥን ውስጥ ማን አለ? በዚያ ጥናት የተካተቱት 104 ጥቁር ሴቶች በሁለት የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ናቸው። ጎንደር ተወልዳ፣ በእንጀራና በሽሮ አድጋ፣ የጾሙን ወራት ጾማ፣ በሠላሳ ዓመቷ ካልጋሪ የገባች ሴት በምግቧም፣ በወሊድ ታሪኳም፣ በወሰደቻቸው መድኃኒቶችም ከእነርሱ ጋር አንድ ላትሆን ትችላለች። የቆዳ ቀለም ባክቴሪያ አይወስንም፤ አኗኗር፣ ሆርሞን፣ ሕክምና የማግኘት ዕድል፣ ንጽሕና አጠባበቅ ናቸው የሚወስኑት። በነገራችን ላይ ንጽሕና ካልን፣ ብልትን በውስጥ በኩል በሳሙናና በሽቶ ማጠብ ላክቶባሲለስን እንደሚያሳጣና ከባክቴሪያ መዛባት ጋር እንደሚያያዝ በተደጋጋሚ ታይቷል። ውጪውን በውኃ መታጠብ ይበቃል።

በአገር ቤት ያለው መልክ ደግሞ ሌላ ነው። ላፓሮስኮፒ በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች የሚገኝ ነገር ስለሆነ፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሴቲቱ ልጅ አልወልድ ብላ ስትመረመር ነው። በ2019 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል መከፈቱ በመንግሥት ደረጃ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ሕመሙ የሚታየው የልጅ ጥያቄ ሲነሣ ብቻ ከሆነ ያላገባችው፣ ተማሪዋ፣ መውለድ የማትፈልገውስ? የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ማኅበር በ2022 ባወጣው መመሪያ ላፓሮስኮፒ ዋነኛ መለያ መሆኑ እንዲቀር መወሰኑ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች የምሥራች ነው። የሕመሙን ታሪክ በጥሞና ሰምቶ፣ በአልትራሳውንድ አይቶ፣ ቀዶ ጥገና ሳይጠብቁ የሆርሞን ሕክምና መጀመር ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ የሚያዳምጥ ጆሮ ነው።

ከጆሮው ይልቅ ግን ፍላጂሉ ይቀርባል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ መግዛት በሚቻልበት አገር «የማህፀን ባክቴሪያ» የሚል ዜና የሚያስከትለውን እፈራለሁ። በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በዓለም ዙሪያ እንደሞቱ ተገምቷል፤ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ከባዱን ሸክም ተሸክመዋል። አንቲባዮቲክ ፉሶባክቴሪየምን መርጦ የሚገድል ቀስት አይደለም፤ ሌሎቹንም ያጭዳል። በሌላ በኩል ይህ ማለት ሐኪም መርምሮ ያዘዘውን ትተው ይቀመጡ ማለት አይደለም። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽና ድንገተኛ የታችኛው ሆድ ሕመም እውነተኛ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት መታከም አለበት። ጥያቄ የሚነሣው ያው መድኃኒት ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ ሲታዘዝ፣ ምርመራው ባክቴሪያ ሳያሳይ፣ ሕመሙም ከወር አበባ ጋር እየሄደ ሲመለስ ነው። ያኔ «ዶክተር፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይሆን?» ብሎ በስሙ መጠየቅ ነውር የለውም። እዚህ ካልጋሪ የፋርማሲ መደርደሪያ ላይ «ለሴቶች» ተብለው የተደረደሩት ፕሮባዮቲኮችም ኢንዶሜትሪዮሲስን እንደሚያክሙ አልተረጋገጠም፤ ዋጋቸው ግን የተረጋገጠ ነው።

የናጎያ ሆስፒታል አንቲባዮቲኩን በሴቶች ላይ መሞከር ጀምሯል። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ የመጀመሪያው ደስተኛ እኔ ነኝ፤ ከሆርሞንና ከምላጭ ሌላ መንገድ ለሌላቸው ሴቶች ትልቅ ነገር ነው። ያ ውጤት ወደ ካልጋሪም ወደ አዲስ አበባም ሲመጣ ግን በማን ሰውነት ላይ ተለክቶ እንደመጣ መጠየቅ አለብን። ለተመራማሪዎቹ የምለው ቀላል ነው። የማህፀንና የብልት ናሙና ስትሰበስቡ ባዶ ናሙናዎቹን አብራችሁ አሳዩ፤ «ጤነኛ» የሚለውን መለኪያ ከአንድ ወገን ብቻ አትውሰዱ፤ ተሳታፊ ስትፈልጉ ማስታወቂያውን በዩኒቨርሲቲው ግድግዳ ላይ ብቻ አትለጥፉ። በካልጋሪ እሑድ እሑድ ቅዳሴ የሚሞላባቸው አብያተ ክርስቲያናት፣ ዓርብ የሚሞሉ መስጊዶች፣ የሴቶች ማኅበራትና ዕቁቦች አሉ። የፈቃድ ቅጹን በአማርኛ፣ በትግርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጁት፤ «ሆድ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደምትተረጉሙትም ቅጹን ከማተማችሁ በፊት ሦስት እናቶችን ጠይቁ።